በማግሥቱም፦ የእግዚአብሔርን ፍቅር በዕለት ኑሯችን ለሰው ስለ መግለጥ

ለቅሶ በደረሰበት ቤት ሦስተኛው ቀን ሲያልፍ እድሩ ድንኳኑን ያፈርሳል፤ ወንበሩ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ንፍሮ የተቀቀለበት ብረት ድስት ታጥቦ ወደ እድሩ ዕቃ ቤት ይገባል፤ ከሩቅ የመጣው ዘመድም የሥራ ፈቃዱ ስላለቀ ይሰናበታል። በአራተኛው ቀን ማታ የቤቱ እመቤት ለሁለት ታቀርበው የነበረውን እራት ለብቻዋ ታቀርባለች፤ በዚያች ማታ በሯን የሚያንኳኳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የለም። ይህን የምጽፈው እድርተኛውን ወይም ዘመዱን ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራውን ትቶ ሬሳ ተሸክሞ ሦስት ቀን ከኀዘንተኛ ጋር የሚውልና የሚያድር ሕዝብ ፍቅርን አያውቅም ሊባል አይችልም። የምጽፈው ፍቅራችን የሚደክመው በዚሁ በአራተኛው ቀን መሆኑን ደጋግሜ ስላየሁ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ምሳሌ ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ካህኑም ሌዋዊውም የቆሰለውን ሰው አይተውታል፤ ስለዚህ ልዩነቱ በማየትና ባለማየት አልነበረም። ካህኑ «አይቶትም ገለል ብሎ አለፈ»፤ ሳምራዊው ግን አይቶት አዘነለት፣ ቀረበው፣ በቁስሎቹ ላይ ዘይትና የወይን ጠጅ አፍስሶ አሰራቸው፣ በራሱ አህያ ላይ አስቀምጦም ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ብዙ ጊዜ ስብከቱ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ምሳሌው ግን ይቀጥላል። የሚቀጥለው ቁጥር «በማግሥቱም» ብሎ ይጀምርና ሳምራዊው ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ባለቤት እንደ ሰጠ፣ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ እንደሚከፍል ቃል እንደ ገባ ይነግረናል። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ እንደ ነበረ በማቴዎስ 20 ካለው የወይን ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ እንረዳለን፤ ሳምራዊው እንግዲህ የሁለት ቀን ደመወዝ ከፍሎ፣ ለቀሪውም ራሱን ዋስ አድርጎ ነው መንገዱን የቀጠለው። ከዚህ በታች የማቀርበው ምክር ሁሉ «በማግሥቱም» ከምትለው ከዚህች ቃል የወጣ ነው።

ወደ ተግባሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ምንጩ ጥቂት ልበል፤ ምንጩን የዘነጋ ሰው ቶሎ ይደርቃልና። ሐዋርያው ዮሐንስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 4 «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» ካለ በኋላ ወዲያው «ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወደው እንዴት ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ለሰው የምናደርገው በጎ ነገር እግዚአብሔር እንዲወደን የምንከፍለው ዋጋ ሳይሆን አስቀድመን ከተቀበልነው ላይ የምናካፍለው ነው። ይህ በኑሮ ውስጥ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለመመስገን ብሎ የሚረዳ ሰው ምስጋናው ሲቀርበት ይቀየማል፣ «ያን ሁሉ አድርጌለት» እያለ ይቆጥራል፣ ውሎ አድሮም ይተወዋል። ስለዚህ ጠዋት ሲጸልዩ ስለ ሌሎች ከመለመንዎ በፊት አንድ ሰው በጨነቀዎ ሰዓት የደረሰልዎትን አንድ ቀን በዝርዝር ያስታውሱ፤ የቤት ኪራይ ሲያጥርዎ ሳይጠየቅ የሞላልዎትን፣ ወይም ከሥራ ተሰናብተው ከሰው ሲሸሹ ቤትዎ ድረስ መጥቶ አብሮዎት ያመሸውን ሰው በስሙ እየጠሩ እግዚአብሔርን ያመስግኑ።

ቀጥሎ ደብተር ያውጡ። በቅዳሴ ስለ ሕሙማንና ስለ መንገደኞች ይጸለያል፣ እኛም ከሕዝቡ ጋር አብረን እንመልሳለን፤ ቤት ስንገባ ግን «ሕሙማን» የሚለውን ቃል በሰው ስም መተካት የእያንዳንዳችን ድርሻ ነው። አራት ስም ይበቃል፤ ከአምስት አይለፍ፤ ሃያ ስም የጻፈ ሰው አንዱንም አይጎበኝም። ከአራቱ አንዱ የታመመ ወይም ያዘነ ሰው፣ አንዱ በገዛ ቤትዎ ውስጥ የሚኖር ሰው፣ አንዱ የተቀያየሙት ሰው፣ አንዱ ደግሞ ጠያቂ የሌለው ሰው ይሁን። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ ለመጨረሻ ጊዜ ያዩበትን ቀን ይጻፉ። ብዙዎቻችን «አልረሳሁትም፣ በልቤ አለ» ስንል ከርመን ቀኑን ስንጽፈው ሰባት ወር እንዳለፈ እናገኛለን።

አሁን ወደ መጠየቁ እንሂድ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒታል የተኛ ጎረቤታችንን ልጠይቅ እንደ ደንቡ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። አልጋው ሥር ላስቀምጥ ጎንበስ ስል ስድስት ፌስታል ብርቱካንና ሙዝ ተደርድሮ አየሁ፤ ከታች ያለው ሙዝ ጠቁሮ ውኃ አውጥቷል። ሕመምተኛው ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከፈሳሽ በቀር ምንም እንዳይቀምስ ታዝዞ ነበር። ሚስቱ መሬት ላይ ካርቶን አንጥፋ ተቀምጣ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ፣ ጠያቂ በገባ ቁጥር እየተነሣች ትስማለች፤ እኔንም ተነሥታ ሳመችኝ፣ እኔም ሳላስተውላት ወደ አልጋው ዞርኩ። ጥቂት ቆይቶ አንዲት አረጋዊት የሰፈራችን እናት ገቡ፤ የያዙት አንድ ፔርሙዝ አጥሚትና የታጠፈ ብርድ ልብስ ነበር። ሕመምተኛውን «እግዜር ይማርህ ልጄ» ካሉት በኋላ ዓይናቸው በሚስቱ ላይ አረፈ፣ ያበጠ እግሯንም አዩ። «መቼ ነው የተኛሽው?» አሏት። «ኧረ እማማ፣ ደኅና ነኝ» ስትላቸው «ደኅንነትሽን አልጠየቅኩሽም፣ የተኛሽበትን ቀን ንገሪኝ» አሏት። አራተኛ ሌሊቷ ነበር። እማማ ካርቶኑ ላይ ብርድ ልብሳቸውን አነጠፉና «ተነሺ፣ ቤትሽ ሂጂ፣ ልጆችሽን እይ፣ ተኚም፤ ዛሬ እኔ አድራለሁ» አሏት። ሴትዮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ለራሴ የሚመቸኝን ይዤ ሄጄ ነበር፤ እማማ ግን የጎደለውን አዩ። ለታመመ ሰው ከመሄድዎ በፊት ስለዚህ ወደ አስታማሚው ይደውሉና ምን እንዲበላ እንደ ተፈቀደለት፣ ማን እንደሚያድር፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሆኑ ይጠይቁ። ሕመምተኛውን ወይም አስታማሚውን «ምን ላድርግላችሁ?» ብሎ መጠየቅ በእኛ አገር ብዙም አይጠቅምም፤ ይሉኝታ ያለበት ሰው «ምንም፣ መምጣትህ ይበቃናል» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አይሰጥም። በዚህ ፈንታ የተቆረጠ ነገር ይዘው ይቅረቡ፤ «ማክሰኞ ማታ እኔ አድራለሁ»፣ «ልጆቹን በዚህ ሳምንት ከትምህርት ቤት እኔ አመጣቸዋለሁ»፣ «የመድኃኒት ማዘዣውን ስጡኝ፣ ፋርማሲ ዞሬ እፈልጋለሁ» የሚሉ ቃላት እምቢ ለማለት አስቸጋሪ፣ ለመቀበል ግን ቀላል ናቸው። ሕመምተኛው ፊት ተቀምጠው በዚያው በሽታ ስለ ሞተ ሌላ ሰው አያውሩ፤ ብዙም አይቆዩ። ጸበል የሚጠመቅ ከሆነ በጸሎት ይርዱት፣ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲያቋርጥ ግን ፈጽሞ አይምከሩት፤ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምረናል።

ያዘነን ሰው በተመለከተ ከኢዮብ ወዳጆች ሁለት ነገር እንማራለን። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር በምድር ላይ ሲቀመጡ መልካም አደረጉ፤ አፋቸውን ከፍተው የመከራውን ምክንያት ማስረዳት ሲጀምሩ ግን እግዚአብሔር ራሱ በመጨረሻ ተቆጣቸው። ልጇ የሞተባትን እናት «እግዚአብሔር ስለሚወደው ወሰደው» ወይም «ሌላ ትወልጃለሽ» አይበሏት። «እግዜር ያጽናሽ» ብለው አጠገቧ ዝም ብለው መቀመጥ ይበቃል፤ የሟቹን ስም እየጠሩ የሚያስታውሱትን አንድ መልካም ነገር መንገር ደግሞ ከስብከት ሁሉ ይሻላል። ከሁሉ በላይ ግን የቀን መቁጠሪያ ይያዙ። ሠልስቱ፣ አርባው፣ ሙት ዓመቱ ሰው የሚሰበሰብባቸው ቀናት ስለሆኑ በእነዚያ ቀናት ባይሄዱ ቦታዎን ሌላ ይሞላዋል፤ ማንም የማይሞላው አራተኛው ቀን ማታ፣ አርባው ባለፈ ሳምንት ያለው እሑድ፣ ያለ አባት የሚከበረው የመጀመሪያው ፋሲካ ነው። በእነዚህ ቀናት እራት ይዘው ይሂዱ፣ ወይም ወደ ቤትዎ ይጥሯት። ባል የሞተባት ሴት ብዙ ጊዜ የሚያስጨንቃት ባሏ ይሠራው የነበረው ነገር ነው፤ የመብራትና የውኃ ሒሳቡ፣ የውርስ ወረቀቱ፣ የልጆቹ ምዝገባ። ወረቀት የሚያውቅ ሰው አንድ ቀን ከሥራው ፈቃድ ወስዶ አብሯት ቢሮ ለቢሮ ቢዞር ታላቅ አገልግሎት ነው።

ስለ መርዶም አንድ ነገር ማለት እፈልጋለሁ። አባቶቻችንና እናቶቻችን መርዶን በማለዳ፣ የሚቀርቡ ሰዎች ተሰብስበው፣ ኀዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው ክንድ ተዘጋጅቶ ሳለ ነበር የሚያረዱት። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ያለው ርኅራኄ ጥልቅ ነው። ዛሬ በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የምትኖር ልጅ የእናቷን ሞት በሥራ ሰዓት፣ ብቻዋን ቆማ፣ ከፌስቡክ ላይ ከተለጠፈ ፎቶግራፍ ታነባለች። የሟቹን ፎቶግራፍና «ነፍስ ይማር» የሚለውን ጽሑፍ ከመለጠፍዎ በፊት የቅርብ ቤተሰቡ ሁሉ ተረድቶ እንደሆነ ይጠይቁ፤ በውጭ ያለ ልጅ ካለም በዚያ ከተማ የሚኖር ወዳጅ ወይም ካህን ፈልገው በማለዳ ወደ ቤቱ እንዲሄድለት ያድርጉ። ሁለትና ሦስት ሰዓት ዘግይቶ መለጠፍ ማንንም አይጎዳም፤ ብቻዋን ያነበበችው ግን ያን ሰዓት ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም።

ወደ መስጠቱ ስንመጣ፣ ከጥንት ክርስቲያኖች የምንማረው ግልጽ ነገር አለ። በ2ኛው መቶ ዓመት የአቴናው ፈላስፋ አርስጢደስ ለሮም ንጉሠ ነገሥት ስለ ክርስቲያኖች ሲጽፍ፣ በመካከላቸው ድኻ ሲገኝ የሚሰጡት ትርፍ ከሌላቸው ሁለት ሦስት ቀን ጾመው ያንኑ እንደሚመግቡት መስክሯል። በእኛም ዘንድ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀናት ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ የተረፈው ገንዘብ የት እንደሚገባ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ለፋሲካው በግ ተቆጥቦ ከዋለ ጾሙ ገበታን ወደ ኋላ ከመግፋት ብዙም አላለፈም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስና የተራቆተን ማልበስ መሆኑን ተናግሯል። ስለዚህ በጾሙ መጀመሪያ ሳምንት በሌላ ጊዜ ያወጡት የነበረውን ገምተው በፖስታ ለይተው ያስቀምጡ፤ ለማን እንደሚሆንም ከፖስታው በላይ በስም ይጻፉ።

ዮሐንስ አፈወርቅ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ክርስቶስን በቤተ መቅደስ ውስጥ በሐር እያለበሱ በውጭ በብርድና በእርዛት ሲሠቃይ ማለፍ እንደማይገባ አስተምሯል። ይህን በደጀ ሰላም ለተቀመጡት ወገኖቻችን ስናውለው፣ ሳንቲም ወርውሮ ከማለፍ በፊት ጎንበስ ብሎ ስምን መጠየቅ መጀመሪያው ነው። ከመቶ ሰዎች መካከል ከአንዱ ጋር መተዋወቅ፣ በየወሩ በታወቀ ቀን የታወቀ መጠን መስጠት፣ ሲታመምም ማወቅ ይቻላል። የሚሰጡት ስጦታ ከሆነ ስጦታ መሆኑን፣ ብድር ከሆነም ብድር መሆኑን በግልጽ ይንገሩ፤ ብዙ ወዳጅነት የፈረሰው ሰጪው ብድር ነው ሲል ተቀባዩ ስጦታ ነው ብሎ በማሰቡ ነው። የተረዳውን ሰው ደግሞ በምንም ምክንያት ፎቶግራፍ አያንሡት። አንዲት እናት አምስት ሊትር ዘይት ለመቀበል ፊቷን ለካሜራ እንድትሰጥ መገደድ የለባትም፤ ጌታ ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ ያለው የተቀባዩንም ክብር የሚጠብቅ ቃል ነው።

በዓረብ አገር ሠርታ ቤተሰቧን የምታስተዳድር እኅት ያለችበት ቤት ሁሉ ደግሞ ይህን ቢያስብ እወዳለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ ስትደውል የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? የላከችው ብር ስለ መድረሱና ስለሚቀጥለው ወር ከሆነ፣ ለአሠሪዎቿ ጉልበት፣ ለእኛ ደግሞ ገንዘብ ሆና ቀርታለች ማለት ነው። ዛሬ ምን እንደ በላች፣ ስንት ሰዓት እንደ ተኛች፣ ወገቧን ይሻላት እንደሆነ ይጠይቋት፤ ከላከችው ላይም ለእርሷ ብቻ የሚቀመጥ ድርሻ በስሟ በባንክ ይከፈትላት። ስትመለስ ባዶ እጇን እንዳትቀር ማድረግ የቤተሰቡ የማግሥት ፍቅር ነው።

የቅርቡ ሰው ከሩቁ ይልቅ ይከብዳል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 18 ላይ «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚለውን ሁላችንም በቃል እንይዘዋለን፤ አምስት ቁጥር ወደ ላይ ወጥተን ቁጥር 13ን ብናነብ ግን የሠራተኛ ዋጋ በአሠሪው ዘንድ እስከ ነገ እንዳያድር የሚያዝ ሕግ እናገኛለን። ባልንጀራን መውደድ ከደመወዝ ቀን ጋር በአንድ ምዕራፍ ተጽፏል። በቤታችን የምታገለግል ልጅ ካለች ስለ ክርስቲያናዊ ፍቅር ከማንም በፊት ልትመሰክርልን ወይም ልትመሰክርብን የምትችለው እርሷ ናት። በስሟ ነው የምትጠራው ወይስ «ማሚቴ» እየተባለች? ደመወዟ በቀኑ ይከፈላታል? እንግዳ በበዛበት በዓል ስንት ሰዓት ትተኛለች? ትኩስ እንጀራ የሚደርሳት እኛ ስንበላ ነው ወይስ የቀረው ሲመለስ? የማታ ትምህርት መማር ትፈልግ እንደሆነ ጠይቀናት እናውቃለን? እነዚህን ጥያቄዎች ዛሬ ማታ ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ተቀምጠው በየተራ ይመልሷቸው፤ የሚያሳፍር መልስ ካገኙም ንስሐው ከነገው ቁርስ ይጀምራል። ለትዳር ጓደኛና ለልጆች የሚሆነው ነገር በአንጻሩ አጭር ነው፦ ስልክዎን አስቀምጠው ይስሟቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ከተጣሉት ሰው ጋር መታረቅ ስለሆነ እዚህ ላይ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ። ጌታ በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባውን ይዞ የቆመው ሰው «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ቢያስብ መባውን ትቶ እንዲሄድ ያዝዘዋል፤ በምዕራፍ 18 ደግሞ የተበደለው ሰው ወደ በደለው እንዲሄድ ይናገራል። እንግዲህ በዳይም ተበዳይም እንዲሄዱ ከታዘዙ «እርሱ ይምጣ» የምንልበት ቦታ አልቀረልንም። በምዕራፍ 18 ያለውም ቅደም ተከተል ሊጠበቅ ይገባል፤ መጀመሪያ ሁለቱ ብቻቸውን፣ ካልሆነ አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምረው፣ ከዚያ በኋላ ለቤተ ክርስቲያን ነው። ሽምግልና የከበረ ባህላችን ነው፤ ነገር ግን በሁለት ሰዎች መካከል ሊያልቅ የሚችለውን ነገር ገና ከጅምሩ አምስት ሽማግሌ ይዞ መሄድ በደሉን ያገንነዋል፣ ተበዳዩንም በይሉኝታ አስጨንቆ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ያሰኘዋል እንጂ ልቡን አያሳርፈውም።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። ሁለት እኅትማማቾች በእናታቸው ቤት ውርስ ተጣልተው ሦስት ዓመት ሳይነጋገሩ ቆይተዋል እንበል፤ እንዲህ ያለ ጠብ የሌለበት ዘር ማንዘር ጥቂት ነው። ታላቂቱ ለመታረቅ ስትነሣ የበዓል ቀን አትምረጥ፤ ሰው በተሰበሰበበት ይቅርታ መጠየቅ ሌላዋን እምቢ እንዳትል ማጥመድ ይሆናል። አስቀድማ ትደውል፣ ለብቻዋም ትሂድ። ስትደርስ «ሳላውቅ አስቀይሜሽ ከሆነ ይቅርታ» አትበል፤ ይህ ዓረፍተ ነገር ጥፋቱን በሌላዋ ስሜት ላይ ይጥለዋል። ይልቁን ያደረገችውን በስሙ ትጥራው፦ «ቤቱን አንቺን ሳላማክር አከራይቼ ኪራዩን ለብቻዬ መብላቴ በደል ነው፤ ይቅር በይኝ፤ የሦስት ዓመቱን ድርሻሽን አስቤ መጥቻለሁ።» ዘኬዎስ በሉቃስ 19 የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል ንስሐው ከአፉ ወደ ኪሱ መውረዱን አሳይቷል። ይህን ካለች በኋላ ዝም ትበል፤ ታናሽቱ የሦስት ዓመት ቁጣዋን ስትናገር «እሱማ አንቺም» ብላ አታቋርጣት። ታናሽቱ በዚያ ቀን «እግዜር ይቅር ይበልሽ» ብቻ ብላ ልትሸኛት ትችላለች፤ ይህ ቃል በሩን ገርበብ አድርጎ መተው ስለሆነ ታላቂቱ ይህንን ተቀብላ በሌላ ቀን እንደገና ትሂድ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር አለ። ይቅር ማለት ወደ አደጋ መመለስ አይደለም። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ቻዪው፣ ለልጆችሽ ብለሽ» ብለው የሚመልሱ ሽማግሌዎች ፍቅርን አላገለገሉም። እንዲህ ያለች ሴት ወደ እርስዎ ብትመጣ መጀመሪያ የምትተኛበት ቦታ፣ ቀጥሎ ሐኪም፣ ቀጥሎም ሕግ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉላት፤ የይቅርታው ጉዳይ ቁስሏ ከታሰረ በኋላ፣ እርሷ በፈለገችው ጊዜ ከንስሐ አባቷ ጋር የምትነጋገረው ነው። ሳምራዊውም መጀመሪያ ቁስሉን አሰረ እንጂ የቆሰለውን ሰው ወንበዴዎቹን ይቅር ብሎ እንደሆነ አልጠየቀውም።

አይሁድ ከሳምራውያን ጋር እንደማይተባበሩ ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 4 ጽፏል፤ ጌታ ለምሳሌው ሳምራዊን የመረጠው ሰሚዎቹ ከማይወዱት ወገን ስለሆነ ነው። አገራችን ባሳለፈችው የጦርነት ዘመን በአንድ መቅደስ ቆመን፣ ከአንድ ጽዋ ተቀብለን፣ ስንወጣ በቋንቋ ተለያይተን የምንተያይ ሆነናል። በዚህ ጉዳይ የምመክረው ትንሽ ነገር ነው። ከራስዎ ወገን ካልሆኑት መካከል አንድ ሰው በደብተርዎ ይኑር። ስለ ሕዝቡ በአጠቃላይ ለመናገር ወይም የደረሰዎትን የድምፅ መልእክት ለሌላ ለማስተላለፍ ሲነሡ፣ ያንን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው ሊናገሩት የማይችሉትን ይተዉት። በቤቱ ለቅሶ ሲደርስም ይሂዱ፤ ሟቹ በየትኛው ወገን ሆኖ እንደ ሞተ ሳይጠይቁ መሬት ላይ ይቀመጡ።

ስሙን ፈጽሞ ለማያውቁት ሰው የሚደረግ ፍቅርም አለ። ደም መስጠት አንዱ ነው፤ ጤነኛ የሆነ ሰው በየሦስት ወሩ ሊሰጥ ይችላል፣ በወሊድ ጊዜ ደም የፈሰሳት እናት የማን ደም እንዳዳናት ሳታውቅ ልጇን ታቅፋ ትወጣለች። በዓመት አንድ ጊዜ በልደትዎ ወይም በክርስትና ስምዎ ቀን ቢያደርጉት ለመርሳት ያስቸግራል።

ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1980 እ.ኤ.አ. ለንግሥ ወደ ግሸን ማርያም ሲጓዙ በወሎ ረኃብ ያለቀ ሕዝብ አዩ፤ ወላጆቻቸውን ያጡ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ። ዓመት ሳይሞላ በቤታቸው የተሰበሰቡት ልጆች 21 ደረሱ፤ ቤተሰባቸው ይህን ሊቀበል ባለመቻሉም የነበራቸውን የተደላደለ ኑሮ ትተው ከልጆቹ ጋር ወጡ። በ2021 እ.ኤ.አ. እስካረፉበት ቀን ድረስ የሺዎች እናት ሆነው ኖረዋል። ከእኒህ እናት ታሪክ እኔን የሚነካኝ ታላቅ ድርጅት ለመመሥረት አቅደው አለመነሣታቸው ነው። ስለት ሊያደርሱ ሄደው የነበሩ አንዲት ምእመን ነበሩ፤ በመንገድ ያዩትን አልፈው መሄድ አልቻሉም፣ በማግሥቱም ልጆቹ ቁርስ ያስፈልጋቸው ነበር።

ሁላችንም ግን እንደ እርሳቸው አልተጠራንም፤ የሰው ጉልበትም ልክ አለው። ጌታችን ሕዝቡ ሊሰሙትና ከደዌያቸው ሊፈወሱ ሲሰበሰቡ እንኳ ወደ ምድረ በዳ ፈቀቅ ብሎ ይጸልይ እንደ ነበር ሉቃስ በምዕራፍ 5 ጽፏል። ስለዚህ ሸክሙን ለብቻዎ አይያዙት። በወር አንድ ጊዜ ጠበል ጸዲቅ የሚቀምሱበት የጽዋ ማኅበር ወይም በሳምንት የሚሰበሰቡበት የጸሎት ኅብረት ካለ፣ ከመበተናችሁ በፊት ሩብ ሰዓት ወስዳችሁ ማን እንደ ታመመ፣ በዚህ ወር ማን ማን ጋ እንደሚያድር፣ የማን ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ እንደ ጎደለበት ተነጋገሩና ተራ አውጡ። ስምንት አባላት ያሉት ማኅበር አንድን አስታማሚ በሳምንት አንድ ሌሊት ቢያሳርፍ፣ ለእያንዳንዱ አባል ተራው የሚደርሰው በሁለት ወር አንዴ ነው። የተነጋገራችሁት የሰው ምሥጢር ከዚያ ክፍል እንዳይወጣም በግልጽ ተማማሉ።

በየሳምንቱ መጨረሻ፣ ቅዳሜ ማታ ቢሆን ይመረጣል፣ ደብተርዎን ይክፈቱና ከአራቱ ስሞች አጠገብ ያሉትን ቀናት ይመልከቱ። የገቡትን ቃል እየፈጸሙ መሆንዎን የሚያውቁት በዚህ ነው። ማክሰኞ አድራለሁ ብለው ሳይመችዎት ከቀረ ደግሞ ሰኞ ዕለት ገና በጠዋቱ ይደውሉና በእርስዎ ቦታ ማን እንደሚመጣ በስም ይንገሯት፤ ያች አስታማሚ እርስዎ እንደሚመጡ አምና ልጆቿን «ማክሰኞ ማታ ቤት እመጣለሁ» ብላቸዋለችና።